«ፖሊክሮማቲክ» ሲባል ብዙ የሆነው ምኑ ነው?

ስላይድ ተማሪ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። የሕክምና ላብራቶሪ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ በአሁኑ ጊዜ በአንድ ሆስፒታል የሄማቶሎጂ (የደም ምርመራ) ክፍል የተግባር ልምምድ ላይ እገኛለሁ። ጥያቄዬ የሥራ ሳይሆን የቃል ጥያቄ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቃሉን በቅጡ ሳልረዳው በመናገሬ ሰው ስላስደነገጥሁ በዝርዝር ላቀርበው ፈለግሁ።

ባለፈው ሳምንት፣ ስትወልድ ብዙ ደም የፈሰሳት አንዲት እናት በሰባተኛው ቀን የሰጠችው የደም ናሙና ወደ ክፍላችን መጣ። ስላይዱን በራይት ቀለም አቅልሜ በመቶው ሌንስ በዘይት እያየሁ ሳለ፣ የምትቆጣጠረኝ ባለሙያ ጎንበስ ብላ ተመለከተችና «ፖሊክሮማዚያ ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። እኔ የማውቀው «ፖሊ» ብዙ፣ «ክሮማ» ደግሞ ቀለም መሆኑን ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ነጭ ብርሃን «ፖሊክሮማቲክ» ነው፣ ምክንያቱም በፕሪዝም ሲያልፍ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ይበተናል ተብሎ ተምረናል። ስለዚህ በላዩ ብዙ ቀለም ያለበት፣ ነብር የመሰለ ሕዋስ ስፈልግ ቆየሁ። ያገኘሁት ግን ከጎረቤቶቹ ተለቅ ያለ፣ መሐሉ ያልነጣ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ወደ ሐምራዊ ያደላ ግራጫ ቀለም ያለው ቀይ የደም ሕዋስ ነው። «ታዲያ ብዙው ቀለም የት አለ?» ብዬ ብጠይቅ፣ «ስሙ ነው፤ ጻፊና እለፊ» የሚል መልስ ተሰጠኝ።

ጻፍሁና አለፍሁ። ከሰዓት በኋላ ውጤቱን ሊወስድ የመጣው የታካሚዋ ወንድም ግን ቃሉን በጣቱ እየጠቆመ «እህቴ፣ ይህቺ ምን ማለት ናት?» አለኝ። ሳላስብ «ባለ ብዙ ቀለም ማለት ነው» ብዬ መለስሁለት። ሰውዬው ፊቱ ልውጥ አለና «የደሟ ቀለም ተለውጧል? ተመርዟል ማለት ነው?» ሲለኝ የምናገረው ጠፋኝ፤ ሐኪሟን እንዲጠይቅ ነግሬ ሸኘሁት።

እንግዲህ መረዳት የምፈልገው፣ አንድ ቀለም ብቻ የሚታይበት ሕዋስ ለምን «ባለ ብዙ ቀለም» እንደ ተባለ ነው። የፊዚክሱና የደሙ ቃል አንድ ቃል ናቸው ወይስ በአጋጣሚ ተመሳስለው ነው? ከእኔ በኋላ ለሚመጡ ተማሪዎች ትንሽ የቃላት መፍቻ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ስለሆነም፣ «ኅብረ ቀለም»፣ «ዝንጉርጉር»፣ «ቡራቡሬ» ከሚሉት ቃላት የትኛው ይስማማዋል? ለሚሰጠኝ መልስ ሁሉ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።


የመቅኔ ሰው (መልስ)

እህቴ፣ እኔ ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ ዓይኔን ከማይክሮስኮፕ ሳልነቅል የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አንቺ የጠየቅሽውን ጥያቄ እኔም በተማሪነቴ ጠይቄ የተሰጠኝ መልስ ለአንቺ ከተሰጠሽ የተለየ አልነበረም። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ የቃሉን ሙሉ ስም ማወቅ ይጠቅማል። እኛ አሳጥረን «ፖሊክሮማዚያ» የምንለው ነገር ሙሉ ስሙ «ፖሊክሮማቶፊሊያ» ነው። ያቺ ተቆርጣ የቀረችው «ፊሊያ» መውደድ ማለት ናት፤ ምሥጢሩም ያለው በእርሷ ላይ ነው። ስሙ ሕዋሱ ብዙ ቀለም ያሳያል አይልም፤ ከአንድ በላይ የሆነ ማቅለሚያ ይወዳል፣ ይቀበላል ነው የሚለው። «ባዞፊል» ቤዝ የሆነውን ማቅለሚያ የሚወድ፣ «ኢዮዚኖፊል» ደግሞ ኢዮዚንን የሚወድ እንደ ተባሉ ሁሉ፣ ይህም የዚያው ቤተ ሰብ ቃል ነው።

አሁን ወደ ስላይድሽ እንመለስ። የራይት ቀለም ልክ እንደ ጊምሳና እንደ ሊሽማን ሁሉ ከሩሲያዊው ሮማኖውስኪ የ1891 እ.ኤ.አ. ግኝት የመጣ ድብልቅ ነው። በውስጡ በአንድ በኩል አሲድ የሆነው ቀዩ ኢዮዚን፣ በሌላ በኩል ቤዝ የሆኑት ሰማያዊዎቹ ሜቲሊን ብሉና አዙር አሉ። ሄሞግሎቢን ኢዮዚንን ስለሚስብ፣ በሄሞግሎቢን የተሞላው የበሰለ ቀይ ሕዋስ ሮዝ ሆኖ ይታያል። ገና ያልበሰለው ሕዋስ ግን ሄሞግሎቢን ሲሠራበት የነበረው ራይቦዞም ከነአርኤንኤው ገና አልለቀቀውም፤ አርኤንኤ ደግሞ አሲድ ስለሆነ ሰማያዊውን ማቅለሚያ ይስባል። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሮዝ የሚፈልገውና ሰማያዊ የሚፈልገው ጎን ለጎን ሳይሆኑ እንደ ጭማቂ ተቀላቅለው ስለሚገኙ፣ ዓይንሽ የሚያየው ሁለት ቀለም ሳይሆን የሁለቱን ድምር ነው። ያ ወደ ሐምራዊ ያደላው ግራጫ እርሱ ነው። ብዙ የሆኑት ማቅለሚያዎቹ ናቸው፤ የሚታየው ግን አንድ።

ይህ በመቅኔ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይታያል። ቀይ ሕዋስ ሲሠራ መጀመሪያ አርኤንኤው ስለሚበዛ ሳይቶፕላዝሙ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ «ባዞፊሊክ ኢሪትሮብላስት» (ቤዝ ማቅለሚያ ወዳድ ጀማሪ ቀይ ሕዋስ) ይባላል፤ ሄሞግሎቢን እየተጨመረ ሲሄድ ግራጫ ሆኖ «ፖሊክሮማቲክ ኢሪትሮብላስት» ይሆናል፤ ቀጥሎ ሮዝነቱ ሲያሸንፍ «ኦርቶክሮማቲክ»፣ ማለትም ትክክለኛ ቀለሙን የያዘ ይባላል። በመጨረሻ ኒውክሊየሱን አውጥቶ ይጥልና ሬቲኩሎሳይት ሆኖ ወደ ደም ይወጣል፤ ደም ውስጥ አንድ ቀን ያህል ቆይቶም ይበስላል። እንግዲህ አንቺ ያየሽው ግራጫ ሕዋስ ገና ጥሬ የሆነ ሬቲኩሎሳይት ነው። በጤናማ ሰው ላይ ቀይ ሕዋስ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር በየቀኑ ከመቶው አንድ ያህሉ በአዲስ ይተካል፤ ስለዚህ በጤናማ ስላይድ ላይ እንዲህ ያለ ሕዋስ አልፎ አልፎ ቢታይ አያስገርምም። በዝቶ የሚታየው መቅኔው ተጣድፎ ሲሠራ፣ ለምሳሌ ከደም መፍሰስ በኋላ፣ ወይም ወባን በመሳሰለ ምክንያት ሕዋሳቱ በሚፈርሱበት ጊዜ፣ ወይም ብረት ያነሰው ሰው ብረት መውሰድ ሲጀምር ነው። ደም በፈሰሰ በሳምንቱ መብዛቱ የሚጠበቅ ነገር ስለሆነ፣ የእናትየዋ ስላይድ ልክ እንደሚገባው ሆኖ ነው የታየሽ። ቁጥሩን በትክክል ለማወቅ ከተፈለገ ደግሞ በኒው ሜቲሊን ብሉ አቅልሞ ሬቲኩሎሳይት መቁጠር ነው፤ በዚያ ቀለም ያ የተሰወረው አርኤንኤ እንደ መረብ ተጠላልፎ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ለወንድሟ ልትነግሪው ይገባ የነበረው አጭር ነገር ነው፤ «አዲስ የተሠሩ፣ ገና ያልበሰሉ የደም ሕዋሳት ታይተዋል፤ ምን ማለት እንደሆነ ከሌላው ውጤት ጋር አያይዞ ሐኪሟ ይነግራችኋል።» የቃሉን ፍቺ ሳይሆን የነገሩን ፍቺ ነበር የፈለገው። አንቺ ግን በቃሉ ተይዘሽ ነበርና አልፈርድብሽም።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚያው ወረቀት ላይ «ኖርሞክሮሚክ» ወይም «ሃይፖክሮሚክ» የሚል ቃልም አይተሽ ይሆናል። እርሱም «ክሮም» አለበት፤ ነገር ግን የሚለካው የሄሞግሎቢንን መጠን እንጂ የማቅለሚያን ዓይነት አይደለም፤ ሃይፖክሮሚክ ሕዋስ መሐሉ ሰፍቶ የገረጣው ሄሞግሎቢን ስላነሰው ነው። «ክሮሞዞም» የሚለውም በ1888 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ዋልዳየር ያወጣው ስም ሲሆን ባለ ቀለም አካል ማለት ነው፤ ክሮሞዞም ግን በራሱ ቀለም የለውም፣ ማቅለሚያ አጥብቆ ስለያዘ ብቻ ነው ስሙን ያገኘው። በእኛ ሙያ «ክሮማ» የሚለው ቃል ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ቀቢው እንጂ ስለ ተቀቢው አይደለም።


የመማሪያ ክፍል (መልስ)

ከላይ የተሰጠው መልስ የደሙን ክፍል አጥግቦታል። እኔ የፊዚክስ መምህር ስሆን፣ ጠያቂዋ «የፊዚክሱና የደሙ ቃል አንድ ናቸው ወይ?» ላለችው ብቻ ልመልስ። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚቆጥረው ነገር ግን የተለያየ ነው። እንዲያውም በፊዚክስም ቢሆን ቃሉ በዓይን የሚታይ ቀለም አይቆጥርም ብል ተማሪዎቼ መጀመሪያ አያምኑኝም።

በእኛ ዘንድ «ፖሊክሮማቲክ» የሚባለው በውስጡ ከአንድ በላይ የሞገድ ርዝመት የያዘ ጨረር ነው። የሰው ዓይን የሚያየው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ነው። ኒውተን በ1666 እ.ኤ.አ. በመስኮቱ ቀዳዳ የገባውን የፀሐይ ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ያሳየው እውነት፣ ለዓይን አንድ የሚመስለው ነጭ ብርሃን ብዙ መሆኑን ነው። ልብ በሉ፤ ከመበተኑ በፊትም ብዙ ነበር፤ ፕሪዝሙ ብዙነቱን አልፈጠረም፣ ገለጠው እንጂ። ስለዚህ ነጭ ብርሃን ለዓይን አንድ ቀለም ሆኖ በውስጡ ብዙ መሆኑ፣ ግራጫው ሕዋስ ለዓይን አንድ ሆኖ ሁለት ማቅለሚያ ከመያዙ ጋር ይመሳሰላል።

ይህን ለማሳየት ክፍል ውስጥ የምጠቀምበት ምሳሌ ቢጫ ነው። በአንዳንድ መንገዶች ላይ እስከ ቅርብ ጊዜ የነበረው የዝቅተኛ ግፊት ሶዲየም መብራት ቢጫ ብርሃን ከሞላ ጎደል አንድ የሞገድ ርዝመት፣ 589 ናኖሜትር ብቻ ነው። በስልካችሁ ስክሪን ላይ የምታዩት ቢጫ ግን በውስጡ ቢጫ የሚባል ሞገድ የለውም ማለት ይቻላል፤ ቀይና አረንጓዴ ነጥቦች አብረው ሲበሩ ዓይን ቢጫ ብሎ ይተረጉመዋል። ሁለቱን ቢጫዎች ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ዓይን ላይለያቸው ይችላል፤ አንዱ ግን ሞኖክሮማቲክ (ባለ አንድ ሞገድ)፣ ሌላው ፖሊክሮማቲክ ነው። በሲዲ ጀርባ ላይ አንጸባርቃችሁ ብታዩዋቸው ወዲያው ይለያያሉ።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ኤክስሬይ ነው። ጠያቂዋ ከምትሠራበት ክፍል ጥቂት በሮች አለፍ ብሎ የሚገኘው የኤክስሬይ ማሽን የሚያወጣው ጨረር በራዲዮሎጂ መጻሕፍት ሁሉ «ፖሊክሮማቲክ» ይባላል፤ ያንን ጨረር ግን ማንም ሰው በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ ሊያየውም አይችልም። ማሽኑ በ80 ኪሎቮልት ሲሠራ የሚወጡት ፎቶኖች ከዝቅተኛ ጉልበት ጀምሮ እስከ 80 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ድረስ የተደባለቁ ስለሆኑ ነው ስሙ የተሰጠው። ይህ ድብልቅነት ሥራ ላይ ችግር ያመጣል፤ ዝቅተኛ ጉልበት ያላቸው ፎቶኖች ሥዕል ሳይሠሩ ቆዳ ላይ ስለሚቀሩ በአሉሚኒየም ማጣሪያ ይወገዳሉ፤ በሲቲ ስካን ደግሞ ወፍራም አጥንት ወይም ብረት ሲያጋጥም ደካሞቹ ቀድመው ስለሚጠፉና የሚያልፈው ጨረር እየጠነከረ ስለሚሄድ በሥዕሉ ላይ ጥቁር ጭረቶች ይታያሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ «ክሮማ» የተባለው ቀለም የለም፤ ቃሉ ከቀለም ተነሥቶ የጉልበትን ልዩነት የሚገልጽ ሆኗል።

ለጠያቂዋ አንድ ተግባራዊ ምክር ላክል። በማይክሮስኮፕ ውስጥ ያለው የሃሎጅን አምፖል መብራቱ ሲቀነስ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ከብርሃኑ ውስጥ ሰማያዊው ክፍል ያንሳል። ይህን ለማስተካከል የሚደረገውን ሰማያዊ ማጣሪያ ብርጭቆ ከመብራቱ ላይ አንሥተው የሚሠሩ ሰዎች አይቻለሁ። እንዲህ ከሆነ ግራጫ ሰማያዊውን ከሮዙ መለየት አስቸጋሪ ይሆናል። በንጹሕ የሶዲየም መብራት ብትመለከት ኖሮ ደግሞ ጨለማና ብርሃን እንጂ ፖሊክሮማዚያም ሆነ ኢዮዚኖፊል የሚባል ነገር ባልታያት ነበር።


የደላንታ ልጅ (መልስ)

ሙያዬ የከበሩ ድንጋዮች ስለሆነ ትንሽ ጣልቃ ልግባ። በእኛ ገበያም ከዚህ ቃል ጋር የሚቀራረብ ሌላ ቃል ያለ ቦታው ሲውል አያለሁ። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወሎ ደላንታ ወገል ጤና አካባቢ የሚወጣውን ኦፓል አንዳንድ ሻጮች በማስታወቂያቸው «ፕሊዮክሮይክ» ብለው ይጽፋሉ፤ ልክ አይደለም። ፕሊዮክሮይዝም ማለት አንድ ክሪስታል በተለያየ አቅጣጫ ሲታይ ብርሃንን በተለያየ መንገድ ስለሚውጥ የተለያየ ቀለም ማሳየቱ ነው። የታወቀው ምሳሌ በ1967 እ.ኤ.አ. በታንዛኒያ የተገኘው ታንዛናይት ነው፤ ስታገላብጠው ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ወደ ቀይ ያደላ ቀለም ያሳያል። ኦፓል ግን ክሪስታል አይደለም። በውስጡ ያሉት እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ ድቡልቡሎች በሥርዓት ስለተደረደሩ ብርሃንን እየበተኑ ቀለም ያጫውታሉ እንጂ ሲሊካውም ሆነ ውሃው ራሱ ቀለም የለውም። ለዚህ ነው የወገል ጤናው ኦፓል ውሃ ውስጥ ሲነከር ውሃውን ጠጥቶ እንደ መስታወት የሚጠራው፤ ቀለሙም ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ይህን የማያውቅ ገዢ ዝናብ መትቶት ድንጋዩ ቢጠራበት ተታለልሁ ብሎ ሻጩን ሲከስ አይቻለሁ።


የቅኔ ቤት ልጅ (መልስ)

በቅድሚያ «የመቅኔ ሰው» ለተባሉት መልስ ሰጪ አድናቆቴን እገልጻለሁ። እኔ ሳይንሱን አልነካም፤ የተጠየቀው የአማርኛው ስም ስለሆነ በዚያ ላይ ብቻ አስተያየት ልስጥ።

የግሪኩ «ክሮማ» ከቀለም በፊት የሰውን ገላ መልክ፣ የፊትን ገጽታ የሚያመለክት ቃል ነበር። የእኛም «መልክ» እንዲሁ ነው፤ «ኢትዮጵያዊ መልኩን» በሚለው የኤርምያስ ጥቅስ ውስጥ «መልክ» ማለት የገላ ቀለም ነው። በዚያው ጥቅስ ስለ ነብሩ «ዝንጉርጉርነቱን» ይላል። እንግዲህ «ዝንጉርጉር» ማለት ቀለሞቹ ተለያይተው፣ አንዱ በሌላው ላይ ጣል ጣል ብሎ የሚታይበት ማለት ነው። «ቡራቡሬ»ም ያው ነው፤ ጥቁሩ እዚህ፣ ነጩ እዚያ። ጠያቂዋ ያየችው ሕዋስ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ከሆነ ሁለቱም ቃላት አይሆኑትም። መልኩን ብቻ ከሆነ የምንገልጸው፣ የከብት ጠባቂ ልጅ «ዳለቻ» ይለው ነበር፤ በእውነትም በእኔ ዓይን ከ«ወደ ሐምራዊ ያደላ ግራጫ» ይልቅ ያጥራል።

«ኅብር» የሚለውን ግን ሳስበው የተለየ ሆኖ አገኘዋለሁ። በግእዝ «ኅብር» ቀለም ማለትም ነው፤ አንድነት፣ መደባለቅ ማለትም ነው፤ «ኅብረት» የሚለው ቃል ዘመዱ ነው። ለዮሴፍ አባቱ ያሠራለት ቀሚስ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «በብዙ ኅብር ያጌጠች» የተባለችው በዚህ ቃል ነው። በቅኔ ቤት ደግሞ «ኅብር» የሚባለው አንዱ ቃል ራሱ ሰሙንም ወርቁንም ይዞ ሲገኝ ነው፤ ሁለት ትርጉም በአንድ ቃል ውስጥ ሳይለያዩ ያድራሉ። ሮዙና ሰማያዊው በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሳይለያዩ ማደራቸውን ከዚህ የበለጠ የሚገልጽ ቃል በአማርኛ የምናገኝ አይመስለኝም።

«ቀለም» የሚለውም ቢሆን ለዚህ ሥራ ከግሪኩ አያንስም። በእኛ ቋንቋ ቀለም የሚታየውም ነው፣ የሚቀባውም ነው፤ «የሹራቡ ቀለም» ሲባል መልኩ፣ «የግድግዳ ቀለም» ሲባል ደግሞ በባልዲ የሚገዛው ነው። ጠያቂዋ «ባለ ብዙ ቀለም» ስትል የመጀመሪያውን አስባ፣ ሰውየውም እንዲሁ ሰምቶ ደነገጠ፤ ቃሉ ግን የሁለተኛው ነበር። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፣ ለሕዋሱ «ብዙ ቀለም ተቀባይ»፣ ለብርሃኑ «ባለ ብዙ ኅብር ብርሃን» ቢባል የሚል ነው።


የመማሪያ ክፍል (መልስ)

የቅኔ ቤቱ ወንድማችን ያቀረቡትን «ባለ ብዙ ኅብር ብርሃን» ለሚታየው ብርሃን እቀበለዋለሁ፤ ያምራልም። ለኤክስሬይ ግን አልስማማም። ኅብር የሚለውን የሰማ ተማሪ ቀለም መፈለጉ አይቀርም፤ እዚያ ደግሞ ቀለም የለም። በዚህ ቦታ «ባለ ብዙ ጉልበት ጨረር» ማለት ደረቅ ቢሆንም አያሳስትም። አንድ የውጭ ቃል በሁሉም ሙያ በአንድ የአማርኛ ቃል ይተርጎም የሚለው ልማድ መቅረት ይኖርበታል ባይ ነኝ፤ ራሱ የውጭው ቃል እንኳ በየሙያው ትርጉሙን ቀያይሮ እያለ እኛ ለምን አንድ ልብስ እናለብሰዋለን?


ስላይድ ተማሪ (ምላሽ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ወደ ክፍሉ ስገባ መጀመሪያ ያደረግሁት ማይክሮስኮፑን መፈተሽ ነበር። የተባለው እውነት ሆኖ፣ ሰማያዊው ማጣሪያ ብርጭቆ ከመብራቱ ላይ ተነሥቶ በመሳቢያ ውስጥ በወረቀት ተጠቅልሎ አገኘሁት። መልሼ ሳስቀምጠው የእናትየዋ ስላይድ ሌላ ሆነ፤ ሮዞቹ ሮዝ ሆኑ፤ ዳለቻዎቹ ደግሞ ሳልፈልጋቸው ራሳቸው ከመሐል ብቅ ብቅ አሉ።

ነገር ግን አዲስ ጥያቄ መጣብኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ያቀለምኋቸው አራት ስላይዶች ላይ ሁሉም ቀይ ሕዋሳት፣ ትንሹም ትልቁም፣ ግራጫ ሰማያዊ ሆነው አየኋቸው። አራት ታካሚዎች በአንድ ቀን ሁሉም ሕዋሳቸው ጥሬ ሊሆን አይችልም። ምን አጥፍቼ ነው? ሌላው ደግሞ፣ በአንዱ ወረቀት ላይ «ፖይኪሎሳይቶሲስ» የሚል ቃል አየሁ፤ እርሱስ ከ«ፖሊክሮማዚያ» ጋር ዝምድና አለው?


የመቅኔ ሰው (መልስ)

ሁሉም ሰማያዊ ከሆነ ጥፋቱ የታካሚዎቹ ሳይሆን የበፈሩ (የማቅለሚያውን አሲድነት ልክ የሚጠብቀው ፈሳሽ) ነው። ለራይት የምንጠቀምበት በፈር ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 6.8 አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ወጥቶ ወደ አልካላይ ሲያደላ ሄሞግሎቢኑም ሰማያዊውን ማቅለሚያ መሳብ ይጀምራል፤ ሕዋሳቱ ሁሉ የሐሰት ፖሊክሮማዚያ ያሳያሉ። ስላይዱ ሲወፍር ወይም ማጠቢያው ሲያጥር እንዲሁ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ አራቱም እኩል ከሆኑ ግን እኔ በፈሩን ነው የምጠረጥረው። በአንዳንድ ቦታ ለወባ ስላይድ የተዘጋጀውን የ7.2 በፈር ያንኑ ጠርሙስ ለራይትም ይጠቀሙበታል፤ ለወባ ጥሩ የሆነው ለሞርፎሎጂ (የሕዋሳትን መልክና ቅርጽ ለመለየት) አይሆንም። የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቢ፤ ቀኑንም ተመልከቺ። ደግሞም እውነተኛው ፖሊክሮማዚያ ሁልጊዜ ጥቂቶቹን እንጂ ሁሉንም አይዝም፤ በሮዞች መሐል ስታያቸው ብቻ ነው ልትጽፊው የሚገባ።


የቅኔ ቤት ልጅ (መልስ)

ለሁለተኛው ጥያቄ፣ «ፖይኪሎስ» በግሪክ ልዩ ልዩ የሆነ፣ ዝንጉርጉር ማለት ነው። የሚገርመው፣ የግሪኩ መጽሐፍ ቅዱስ የዮሴፍን ቀሚስ የገለጸው በዚሁ ቃል ነው፤ የነብሩም ዝንጉርጉርነት የተባለው ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ነው። ስለዚህ በቃልነቱ ከ«ፖሊክሮማቲክ» ይልቅ ቀለም የሚመስለው እርሱ ነው። በደም ግን እንደማየው ትርጉሙ ሌላ ሳይሆን አይቀርም፤ እዚህ ላይ ባለሙያው ይናገሩ።


የመቅኔ ሰው (መልስ)

ሌላ ነው። ፖይኪሎሳይቶሲስ የምንለው ሕዋሳቱ በቅርጽ ሲለያዩ ነው፤ ማጭድ የመሰለ፣ እንባ የመሰለ፣ ኢላማ የመሰለ፣ የተሰበረ። ቀለም ውስጥ አይገባም። በመጠን ሲለያዩ ደግሞ «አናይሶሳይቶሲስ» ነው። ለቃላት መፍቻሽ «ቅርጸ ልዩ ልዩ» በይው እንጂ «ዝንጉርጉር» ብለሽ እንዳትጽፊ፤ ያ ወንድም ተመልሶ ይመጣብሻል።


ስላይድ ተማሪ (ምላሽ)

የጠርሙሱን ጽሑፍ አነበብሁት፤ 7.2 ይላል። አዲስ በፈር በ6.8 አዘጋጅቼ አራቱንም ናሙናዎች ደግሜ አቀለምሁ፤ ሦስቱ ሮዝ ሆነው ወጡ፤ በአራተኛው ላይ ግን አሁንም በየእይታው ሁለት ሦስት ዳለቻ ሕዋሳት ይታያሉ። ያንን አንዱን ብቻ «ፖሊክሮማዚያ» ብዬ ጽፌ ሬቲኩሎሳይት እንዲቆጠርለት ጠይቄአለሁ።